እንዶድም የተፈጥሮ ነው

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሁለት ካስክና ሦስት ወንበር ያላት ጠባብ ፀጉር ቤት አለችኝ። የሰው ራስ ማጠብ ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት አልፎኛል፤ በበዓል ዋዜማ በቀን እስከ ሃያ ራስ የማጥብበት ጊዜ አለ። በዚህ ሥራ ላይ ያለች ሴት ሁሉ እንደምታውቀው ቀድሞ የሚጎዳው እጅ ነው። የእኔም የጣቶቼ መሃል መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ተላጠ፣ በሦስተኛው ክረምት ደም እስኪወጣው ተሰነጠቀ። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ሲጨመርበት ሽንኩርት መክተፍ ቀርቶ በእጄ መጉረስ አቃተኝ፤ በርበሬው ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ ዓይኔ እንባ ያቀር ነበር።

ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። “ችፌ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የምትነኪው ማጠቢያ ነው ያስቆጣው” አለኝ። ቅባት አዘዘልኝ፣ ስታጥቢ ጓንት አድርጊ አለኝ። ጓንቱ ረዳኝ። አንድ ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ፤ እጄን እንዲህ ያደረገው ሻምፑ የደንበኞቼን የራስ ቆዳ ምን እያደረገው ነው? የሚያሳክካቸው፣ ፎረፎር በዛብኝ የሚሉኝ ጥቂት አልነበሩም። የራሴን ለመሥራት የተነሣሁት ያኔ ነው። ትክክለኛውን እስካገኝ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እናንተ ያንን ሁሉ እንዳትደግሙት ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ የሄድኩት ፈሳሽ ሳሙና አሠራር ሥልጠና ነው። የሰልፎኒክ አሲድ አሲድነቱ በኮስቲክ ሶዳ ይሰበራል፣ ቴክሳፖን የሚባለው አረፋ ሰጪ አጣቢ ይገባል፣ በጨው ይወፍራል፣ ቀለምና ሽታ ይጨመርበታል። ለሳህንና ለልብስ ጥሩ ነው፤ ቅባት አያስተርፍም። ሻምፑስ ስንል “ያው ነው፤ ሽታውን ለውጡት” ተባልን። ለወጥኩት። የታጠበው ፀጉር በጣት ሲያዝ ይጮሃል፣ እጄም ከበፊቱ ባሰበት። ሳህን ላይ ያለውን ቅባት ጥርግ አድርጎ የሚወስድ ነገር ቆዳ ላይ ያለውንም እንዲሁ ነው የሚወስደው፤ ቆዳ ደግሞ ያ ቅባት የራሱ ነው፣ ውሃውን የሚይዝበት ነው።

ከዚህ በኋላ “ኬሚካል በቃኝ፣ ወደ ተፈጥሮ እመለሳለሁ” አልኩ። ብዙዎቻችሁ አሁን እዚህ ቦታ ላይ ያላችሁ ይመስለኛል። ያሰብኩትም እንዶድን ነው። እማዬ እስከ ዛሬ ጋቢዋን በእንዶድ ታጥባለች፤ ጥጡ ሳይሳሳ እንደ ወተት ነጭ ይወጣል። ጥጥ ላይ እንዲህ ከራራ ለፀጉር ምን ይላል ብዬ የደረቀውን ፍሬ ገዛሁ፣ በሙቀጫ ወቀጥኩ፣ ዘፈዘፍኩ፣ አጠለልኩ። ስወቅጥ ብናኙ አፍንጫዬ ገብቶ በላይ በላዩ ሲያስነጥሰኝ እማዬ ከጓዳ ሆና “አንቺ ልጅ፣ ለጨርቅ ነው እኮ! ዓይንሽን ጠብቂ” አለችኝ። አልሰማኋትም። አረፋው ሳፋውን ሞልቶ ሲፈስ ሳይ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ራሴን ነው የታጠብኩበት፣ ደንበኛ ላይ ባለመሞከሬ እስከ ዛሬ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ። አንድ ጠብታ ከግንባሬ ወርዶ ቀኝ ዓይኔ ገባ። ሚጥሚጣ የገባብኝ መሰለኝ። ሩብ ሰዓት ሙሉ በንጹሕ ውሃ ባጥበውም በማግስቱ ደም መስሎ አደረ፤ እስከ ሦስተኛው ቀን በአንድ ዓይን ነው የሠራሁት። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ “አብሽሪ ልጄ፣ ያልፋል” ከማለት በቀር አልተቆጣችኝም። የእጄ ስንጥቅ ግን ሳምንቱን ሙሉ ሲቆጠቁጠኝ ከረመ።

በኋላ ሳነብ ነገሩ ገባኝ። እንዶድን አጣቢ ያደረገው ሳፖኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው፤ ያው ሳፖኒን ቀንድ አውጣና ዓሣ ይገድላል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው በቀንድ አውጣ በኩል የሚተላለፈውን ቢልሃርዚያን ለመከላከል ምርምሩን የጀመሩት። በዚህ ሥራ እሳቸውና ዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። የአገሬ ሰው በዚህ መኩራቱ ተገቢ ነው፤ እኔም እኮራለሁ። ግን ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ዓይንና የተሰነጠቀ ቆዳ ላይ እንደማይራራ ማሰብ ነበረብኝ። ጋን የምናጥብበት ግራዋም ሲታሽ ያረፋል፤ ለጋን የተሠራ ነው፣ ለጋን ይሁን።

ሦስተኛው ሙከራዬ የእውነተኛ ሳሙና ነበር፤ ዘይት እንደ ኮስቲክ ሶዳ ባለ አልካሊ ተፈልቶ የሚሠራው ማለቴ ነው። በእጅ የተሠራ፣ የወይራ ዘይት ያለበት፣ ሽታ የሌለበት። ይኸኛው ክፉ አይደለም፤ ለጤነኛ እጅና እግር እስከ ዛሬ እጠቀምበታለሁ። ለፀጉርና ለተጎዳ ቆዳ ግን አልሆነኝም። እኛ ቤት ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ነገር የሚጋገርበት ውሃ ነው ያለን፤ እንዲህ ያለ ውሃ ከሳሙና ጋር ሲገናኝ ዝቃጭ ይሠራል፣ ያ ዝቃጭ ፀጉር ላይ እንደ ሰም ይለጠፋል። አሲድነቱን ላስተካክል ብዬ ፈሳሹ ሳሙና ላይ ሎሚ ስጨምቅበት ደግሞ ዓይኔ እያየ እንደ እርጎ ተቋጠረ፣ ዘይቱ ከላይ ተንሳፈፈ። ሳሙና በባሕርዩ ፒኤቹ ከ9 እስከ 10 ነው፤ ወደ ቆዳ ደረጃ ላውርደው ስትሉ ይፈርሳል።

ፒኤች ያልኩትን ላስረዳ፤ መላ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ባሏ ኬሚካል ኢንጂነሪንግ የተማረ ነው። አንድ እሑድ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ እነሱ ቤት ስሄድ የሙከራዎቼን ሁሉ ታሪክ ነገርኩትና “ታዲያ የትኛው ነው የተፈጥሮ?” አልኩት። “እቴ፣ ጥያቄሽ ነው የተሳሳተው” አለኝ። “እንዶድም የተፈጥሮ ነው። ስንት ፐርሰንቱ አጣቢ ነው? ፒኤቹ ስንት ነው? ቆዳ ላይ ምን ያህል ይቆያል? ብለሽ ጠይቂ።” ከዚያ ከመሳቢያው ትንሽ የፒኤች ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። ከ0 እስከ 14 ይቆጥራል፣ 7 መሃሉ ነው፣ ከእሱ በታች አሲድ፣ ከእሱ በላይ አልካሊ ነው፣ ጤነኛ ቆዳ 5 አካባቢ ነው። አንድ ቁጥር ከፍ ሲል አልካሊነቱ አሥር እጥፍ ይጨምራል። ስለዚህ 9 የሆነ ሳሙና ከቆዳችን በአራት ቁጥር ሳይሆን በአሥር ሺህ እጥፍ ነው የሚርቀው። ይህን ሲነግረኝ ቡናዬን አስቀመጥኩ።

ሌላም ነገር ነገረኝ። አጣቢውን ንጥረ ነገር፣ ባለሙያዎቹ ሰርፋክታንት የሚሉትን ማለት ነው፣ “ከኮኮናት የተገኘ” የሚል ጽሑፍ ብቻ አይቶ መግዛት ከንቱ ነው። በድሮው ሻምፑ ውስጥ ሆኖ እጄን የላጠው ሶዲየም ላውሪል ሰልፌትም ከኮኮናት ወይም ከፓልም ዘይት ይሠራል። ቴክሳፖን የምንለው ደግሞ የእሱ ዘመድ ነው፤ ከእሱ ይሻላል፣ ግን እንደ እኔ ላለ እጅ ብቻውን ከባድ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው የሞለኪሉ ቅርጽና ባሕርይ ነው። ቆዳችን የተሠራበት ፕሮቲን ላይ አጥብቀው የሚጣበቁ አሉ፤ እነዚህ ናቸው የሚያስቆጡት። የኤሌክትሪክ ሙል የሌላቸው ደግሞ አሉ፤ ቅባቱን ይዘው ይሄዳሉ እንጂ ፕሮቲኑን እምብዛም አይነኩትም።

ከእነዚህ መሃል እኔ የመረጥኩት ዴሲል ግሉኮሳይድን ነው። ከበቆሎ ስኳርና ከኮኮናት ወይም ከፓልም የተገኘ የቅባት አልኮል ተጣምሮ ይሠራል። ወንድሙ ኮኮ ግሉኮሳይድ ነው፤ አረፋው ትንሽ ይለያል እንጂ አጠቃቀሙ አንድ ነው። እንደ እኛ ቤቱ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ነገር የሚጋግር ውሃ አያበላሸውም፣ በአካባቢም በቶሎ ይበሰብሳል። ለብቻው ሲሆን ግን ፀጉርን ያደርቃል፣ አረፋውም ስስ ነው። ስለዚህ ቤታይን አብሬ አስገባለሁ፤ ሙሉ ስሙ ኮካሚዶፕሮፒል ቤታይን ነው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ለየብቻቸው ከሚሆኑት ይልቅ ለቆዳ ይለዝባሉ። ቴክሳፖን ሙሉ በሙሉ መተው የማይችል ሰው እንኳ ቤታይን ቢጨምርበት ለውጡን በእጁ ያየዋል።

ከአዲስ አበባ ሰው ልኬ ያስመጣሁት የመጀመሪያው ዴሲል ግሉኮሳይድ በአምስት ሊትር ጀሪካን ነበር፤ ሻጩ “ለሕፃን ሻምፑ የሚገባ፣ በጣም ለስላሳ” ብሎ ነበር የላከው። ወረቀቱን ነከርኩት። ወይን ጠጅ ሆነ። 12! ይህ የሻጩ ስህተት አይደለም፤ እቃው ከፋብሪካ ሲወጣ እንዳይበላሽ 11.5 እና 12 መሃል ሆኖ ነው የሚወጣው። ለስላሳ ነው የሚባለው ከተበረዘና ፒኤቹ ከተስተካከለ በኋላ ነው። ያልተበረዘው ዓይን ከገባ ክፉ ጉዳት ያደርሳል። እባካችሁ ጓንትና መነጽር ሳታደርጉ ክዳኑን አትክፈቱ፣ ሕፃን ባለበትም አታስቀምጡ።

አሁን አንድ ኪሎ የምሠራው እንዲህ ነው። ሁሉንም በሚዛን፣ በግራም እለካለሁ፤ በሲኒ መለካት የትም አያደርስም። አፍልቼ ያቀዘቀዝኩት 600 ግራም ውሃ ውስጥ እንዳይበላሽ የሚያደርጉትን ማቆያዎች፣ 5 ግራም ሶዲየም ቤንዞኤትና 3 ግራም ፖታሲየም ሶርቤት፣ አሟሟለሁ። በሌላ ሲኒ ማወፈሪያውን፣ 10 ግራም ዛንታን ጋም፣ በ30 ግራም ግሊሰሪን እለውሳለሁ፤ ዛንታኑ ቀጥታ ውሃ ከነካ እንደ ገንፎ ይጓጉላል፣ አይፈታም። ልውሱን ውሃው ላይ እያማሰልኩ አፈስሳለሁ፣ ሩብ ሰዓት ይተኛል፣ ይወፍራል። ከዚያ 200 ግራም ዴሲል ግሉኮሳይድ፣ ቀጥሎ 100 ግራም ቤታይን፣ በእንጨት ማንኪያ ሳይሆን በሚጸዳ ፕላስቲክ ማንኪያ፣ አረፋ እንዳይነሣ ቀስ ብዬ። ግሉኮሳይዱ ግማሹ ብቻ ነው አጣቢ፣ ሌላው ውሃ ነው፤ ቤታይኑ 30 ከመቶ ነው። ሲደመር ኪሎው ውስጥ 130 ግራም፣ 13 ከመቶ ማለት ነው። ለፀጉር ይህ ይበቃል። ለገላና ለልጆች ሁለቱንም በግማሽ እቀንሳለሁ። እቃውን ስትገዙ መቶኛውን ጠይቁ፤ ያለ እሱ ይህ ሒሳብ አይሠራም።

በመጨረሻ ሲትሪክ አሲድ፤ 20 ግራሙን በ80 ግራም ውሃ አሟሙቼ በጠብታ ነው የማስገባው። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። አንድ ጊዜ ደንበኛ እየጠበቀችኝ ዱቄቱን እንዳለ ጨመርኩት፤ የፈሰሰበት ቦታ ላይ ቤንዞኤቱ ነጭ ስኳር መስሎ ተቋጥሮ ቀረ። በጠብታ ስታደርጉ ግን እያማሰላችሁ፣ እየለካችሁ ትወርዳላችሁ። ድብልቁ ወፍራም ስለሆነ ወረቀቱን በቀጥታ አትንከሩ፤ አንድ ማንኪያውን በዘጠኝ ማንኪያ ውሃ በርዛችሁ ለኩ። 5 ላይ ሲደርስ አቆማለሁ፣ እስከ አንድ ኪሎ የጎደለውን በውሃ እሞላለሁ። በማግስቱ እንደገና እለካለሁ፤ አንዳንዴ ትንሽ ከፍ ብሎ ያድራል።

ጨው እንዳትጨምሩበት። ቴክሳፖን በጨው ይወፍራል፣ ግሉኮሳይድ ግን አይወፍርም። እኔ ይህን ሳላውቅ እፍኝ በእፍኝ ስጨምር ውዬ ያተረፍኩት ጨዋማ ውሃ ነው።

ስለ መበላሸት ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ እዚህ ላይ የሚያመነታ ሰው ብዙ ነው። “የተፈጥሮ ከሆነ ማቆያ ለምን ያስፈልገዋል?” ይሉኛል። በመጀመሪያዎቹ ወራት እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር። ዛንታን ከማግኘቴ በፊት የተልባ ልጋግና እሬት ነበር የማስገባው፤ ሲታይ ያምራል፣ ፀጉርን ያለሰልሳል። ደሴ ላይ ሳምንት ቆየልኝ። ለእህቴ በሃይላንድ ሞልቼ ላክሁላት። ኮምቦልቻ እንደምታውቁት ከእኛ ይሞቃል፤ በሚኒባስ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው፣ አየሩ ግን ሌላ አገር ነው። በአራተኛው ቀን ደወለችልኝ፤ “ጠርሙሱ አብጧል፣ ስከፍተው እንደተረሳ ሊጥ ሸተተኝ” አለችኝ። ልጇን ልታጥብበት ነበር። ያን ቀን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ውሃ ያለበት ነገር ሁሉ ማቆያ ይፈልጋል፤ ውሃውን ማፍላት የነበረውን ይገድላል እንጂ ነገ በጣታችሁና በክዳኑ የሚገባውን አይከለክልም። ቤንዞኤትና ሶርቤት የሚሠሩት ደግሞ ፒኤቹ ከ5 ብዙ ካልራቀ ነው፤ 7 ላይ የተተወ ሻምፑ ውስጥ ቢገቡም እንደሌሉ ቁጠሯቸው። ለዚህም ነው ወረቀቱ የግድ የሆነው። ያም ሆኖ በትንሹ ሠርቼ በወር ውስጥ እጨርሳለሁ፣ ጠርሙሱ ላይ የሠራሁበትን ቀን እጽፋለሁ። ተልባና እሬትን ለራሴ በዕለቱ ሠርቼ በዕለቱ እጠቀማለሁ።

ወደ ደንበኞቼ ልመለስ። የእኛ አገር ራስ ቅቤ ያውቃል። ለጋ ቅቤ ከአደስ ጋር ተቀብታ ሦስት ቀን ያሳደረች ሴት ወንበሬ ላይ ስትቀመጥ ይህ ለስላሳ ሻምፑ በአንድ ዙር አይበቃትም። መጀመሪያ ላይ ይህ አስደንግጦኝ የድሮውን ላመጣ እጄን ዘርግቼ ነበር። አሁን የማደርገው ይህ ነው፤ ለብ ካለ ትንሽ ከፍ ያለ ውሃ፣ ከዚያ ሻምፑውን ከሥር ጀምሬ በጣቶቼ ሆድ እያሸሁ ሁለት ደቂቃ ማቆየት፣ ማለቅለቅ፣ መድገም። በመጀመሪያው ዙር አረፋ አይጠበቅም፤ ቅቤው ይበላዋል። በሁለተኛው ያረፋል። አንዳንዶቹ “አረፋ የለውም፣ አላጠበኝም” ብለው አኩርፈውኝ ሄደዋል፤ የተመለሱትም አሉ። ፀጉር ንጹሕ መሆኑ በጩኸቱ እንደማይታወቅ ማስረዳት ጊዜ ይወስዳል፣ ግን አስረዳለሁ። አደሱን ደግሞ ጠርሙሱ ውስጥ መክተት ትቻለሁ፤ ቅጠሉ ጀርሙን ይዞ ይገባል። ቦታው ቅቤው ውስጥ ነው፣ እዚያ ያምርበታል።

ለስላሳ ማለት ለሁሉም ይስማማል ማለት እንዳልሆነም ልንገራችሁ። አንዲት ደንበኛዬ ሦስት ጊዜ ከታጠበች በኋላ ከጆሮዋ ጀርባ ማሳከክ ጀመራት። ግሉኮሳይዶችም ቤታይንም አንዳንድ ሰው ላይ አለርጂ ያስነሣሉ፤ የአሜሪካ የንክኪ ቆዳ ብግነት ሐኪሞች ማኅበር ቤታይንን እ.ኤ.አ. በ2004፣ ግሉኮሳይዶችን በ2017 የዓመቱ አለርጂ አምጪ ብሎ የሰየማቸው ሰዎች እንዲያስተውሉ ነው። እኔ አሁን ቆዳዋ ስስ ለሆነች ሴት አስቀድሜ በትንሽ ጠርሙስ እሰጣታለሁ። በውሃ በርዛ የክንዷ ውስጠኛው እጥፋት ላይ በቀን ሁለቴ ቀብታ እንድታለቀልቅ፣ ሳምንት እንድታይ ነው። ከቀላ ወይም ካሳከካት አላጥባትም፤ ችፌ ያለባቸውን ልጆችም ያለ ሐኪም ፈቃድ አልነካም።

መጀመር የምትፈልጉ፣ እንደ እኔ አምስት ሊትር አትግዙ። ከሁሉ በፊት የፒኤች ወረቀትና ግራም የሚያነብ ሚዛን ግዙ፤ አጣቢው ቀጥሎ ይደርሳል። የመጀመሪያውን 200 ግራም አድርጋችሁ ሥሩ፣ የለካችሁትን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፉ። የእኔ ደብተር ገጾቹ በውሃ ተጨማደዋል፤ የቅዳሜዋ መስመር ላይ “5.0፣ በማግስቱ 5.1፣ ሽታ የለውም” ይላል። ሎሚ አሁን ሳይቆጠቁጠኝ በእጄ ነው የምጨምቀው። እማዬ ጋቢዋን ዛሬም በእንዶድ ነው የምታጥበው፤ ውጭ፣ ነፋስ ባለበት፣ ፊቷን አዙራ።